ጥያቄና መልስ፦ ለሁለት የተከፈለ እድር

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሁለት አባላት ለቅሶ ቤት ውስጥ በፖለቲካ ተነሥተው ተሰዳደቡ። አሁን ድንኳን ውስጥ የምንቀመጠው በወገን ተለይተን ነው፤ መዋጮ ያቆሙም አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጠቅላላ ጉባኤ ለመጥራት አይቸኩሉ፤ በጉባኤ ፊት ቃሉን ማጠፍ የሚወድ የለም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይቁም። እያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ይምረጥ፣ አራቱ ተስማምተው አምስተኛውን ይጨምሩ። የእድሩ ዳኛ ግን አይግባበት፤ ቅጣት የሚጥል ሰው ማስታረቅ ይከብደዋል።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለየብቻ ይስሙ። ጥያቄው «የማን ደጋፊ ነህ?» ሳይሆን «በትክክል ምን ተባልክ? ማን እየሰማ?» ነው። ሐሳባቸው ይለያይ፤ የሚታረቀው ስድቡ ነው። ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በችኮላ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን «በሉ ተሳሳሙ» ይባላል፣ ሰውየው ሽማግሌ አፍሮ ትከሻ ይስማል፣ በሚቀጥለው ለቅሶ ግን አይመጣም። ሁለት ሦስት ቀጠሮ ቢፈጅም ይፍጅ። ስድቡ በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

ከእርቁ በኋላ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ድንኳን ውስጥ የፓርቲ ወሬ አይነሣም፤ የእድሩ ቴሌግራም ለመርዶና ለመዋጮ ብቻ ነው። ድንኳን ተካዮችንም ከሁለቱም ወገን ቀላቅለው ይመድቡ። አንዱ ምሰሶውን ሲያቆም ሌላው ገመዱን ካልወጠረለት ድንኳኑ አይቆምም፤ «ያዝልኝ»፣ «ጠበቅ አድርገው» መባባሉ ሳይታወቃቸው ይጀምራል። መዋጮ ያቋረጡትን እርቁ እስኪወርድ አይሰርዟቸው። ከመካከላቸው ሐዘን የደረሰበት ካለም ጡሩምባው እንደ ወትሮው ይነፋ።