ሁለቱ ፕሮሰሶች ለምን አይጠባበቁም?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ በጻፍኩት ፕሮግራም ወላጁ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም) አዲስ ፕሮሰስ በሚፈጥረው የ«ፎርክ» ጥሪ ሁለት ልጆችን ይፈጥራል። ሁለቱም በጋራ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠውን አንድ ቆጣሪ እያንዳንዳቸው 100,000 ጊዜ በአንድ እንዲያሳድጉ አድርጌአለሁ። ውጤቱ 200,000 መሆን ሲገባው ያንሳል፤ ፕሮግራሙን ባስኬድኩ ቁጥርም ይለያያል። ቆጣሪው ከሚያድግበት መስመር በፊትና በኋላ ባይነሪ ሴማፎር (በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮሰስ ብቻ የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ) ባስገባም ለውጥ አላየሁም። ሴማፎሩን ግሎባል ቫሪያብል አድርጌ ነው የያዝኩት። ምን ጎደለኝ? ከልጆቹ አንዱ ሴማፎሩን እንደያዘ ቢሞትስ ሌላው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በፕሮግራምዎ ውስጥ አንድ ሴማፎር ያለ ቢመስልዎትም ልጆቹ ሥራ ሲጀምሩ የሚጠቀሙት በሁለት የተለያዩ ሴማፎሮች ነው። «ፎርክ» ሲጠራ ልጁ የወላጁን ሜሞሪ ይወርሳል፤ በጋራነት ካልተመደበው ክፍል የሚደርሰው ግን የራሱ ቅጂ ነው። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለቁጠባ ሲል የሜሞሪ ገጾቹን ለጊዜው ሳይቀዳ ያቆያቸዋል እንጂ፣ አንዱ ፕሮሰስ በገጹ ላይ አንዲት ባይት እንኳ ሲቀይር ያንን ገጽ ቀድቶ ለየብቻ ይሰጣቸዋል። «ሴም ዌይት» የሴማፎሩን ዋጋ ከ1 ወደ 0 የሚያወርድ ጥሪ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ጥሪ የሁለቱ ሴማፎሮች ይለያያሉ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ልጅ የሚዘጋውም የሚከፍተውም የግሉን በር ነው፤ ቆጣሪው ግን የጋራ እንደሆነ ይቀጥላል።

ውጤቱ የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ መስመር የተጻፈው ጭማሪ ለፕሮሰሰሩ ሦስት እርምጃ ነው፦ ዋጋውን ማንበብ፣ አንድ መደመርና መልሶ መጻፍ። ቆጣሪው 57 ሳለ ሁለቱም ቢያነቡት ሁለቱም 58 ይጽፋሉ፤ ከሁለቱ ጭማሪዎች አንዱ ይጠፋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴማፎርን ያመነጨው ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ፣ መጠበቅና መልቀቅ በመሀላቸው ሌላ ሊገባባቸው የማይችል የማይከፋፈሉ ተግባራት እንዲሆኑ የደነገገው ይህን ዓይነት ግጭት ለመከላከል ነበር።

ስለዚህ ቆጣሪውንና ሴማፎሩን በአንድ ስትራክት (ቫሪያብሎችን በአንድ የሚይዝ መዋቅር) ውስጥ ያኑሩና ለዚያ ስትራክት የሚሆነውን ቦታ ከ«ፎርክ» በፊት ሜሞሪ በሚመድበው «ኤምማፕ»፣ «ማፕ ሼርድ» እና «ማፕ አኖኒመስ» የሚሉትን ምልክቶች ሰጥተው ይጠይቁ። ከዚያ ወላጁ ሴማፎሩን የሚያዘጋጀውን «ሴም ኢኒት»ን አንድ ጊዜ ብቻ ይጥራ፤ ልጆቹ ደግመው ሊጠሩት አይገባም፣ አንዴ የተዘጋጀን ሴማፎር እንደገና ማዘጋጀት ውጤቱ ያልተወሰነ ነውና። ሦስተኛው አርጊዩመንት መነሻ ዋጋው ነው፤ በር ለመጠበቅ 1 ይሆናል።

ብዙዎች የሚስቱት ሁለተኛውን አርጊዩመንት ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የዚህ አርጊዩመንት ዋጋ 0 ከሆነ ሴማፎሩ የአንድ ፕሮሰስ ቴሬዶች (በውስጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ብቻ የሚገለገሉበት ይሆናል፤ በፕሮሰሶች መካከል እንዲሠራ ከ0 የተለየ ቁጥር መስጠት ግድ ነው። አደገኛ የሚያደርገው ስህተቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሴማፎሩ በጋራ ሜሞሪ ላይ እስካለ ድረስ ዋጋውን መቀነሱና መጨመሩ በ0ም ቢሆን የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን በሩ ተይዞ ያገኘው ፕሮሰስ ከርነሉ ውስጥ ሲተኛ ሊኑክስ የሚመዘግበው በራሱ በፕሮሰሱ አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላው ፕሮሰስ የሚመጣው የ«ሴም ፖስት» (ሴማፎሩን የሚለቀው ጥሪ) ማንቂያ ተኝቶ የሚጠብቀውን ላያገኘው ይችላል። ፕሮግራሙ በአነስተኛ ሙከራ ያልፍና ሥራ በበዛ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ሌላም ማሳሰቢያ አለ። የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መስፈርት) ሴማፎር በባሕርይው ቆጣሪ ነው፤ በ0 እና በ1 ተወስኖ የሚቆየው በእርስዎ ጥንቃቄ ብቻ ነው። «ሴም ዌይት» በሲግናል (ለፕሮሰሱ በሚላክ ማሳወቂያ) ከተቋረጠ ሴማፎሩን ሳይዝ −1 መልሶ ይመለሳል። ይህን ሳያጣሩ ቢቀጥሉ ያለ ፈቃድ ቆጣሪው ወደሚቀየርበት ጥብቅ ክፍል ይገባሉ፣ ሲወጡም «ሴም ፖስት» ጠርተው ዋጋውን 2 ሊያደርሱት ይችላሉ፤ ያኔ ሁለት ፕሮሰሶች አብረው የሚገቡበት ዕድል ይከፈታል። ስለዚህ የተመለሰውን ዋጋ ሁልጊዜ ይመርምሩ፤ ምክንያቱ መቋረጥ ከሆነም ጥሪውን ይድገሙት።

ፕሮሰሶቹ በ«ፎርክ» የማይዛመዱ ከሆነ «ሴም ኦፕን» በሚከፍተው ባለስም ሴማፎር መጠቀም ይሻላል፤ መፍጠሩና መነሻ ዋጋ መስጠቱ በአንድ ጥሪ ስለሚከናወኑ ማን አስቀድሞ ያዘጋጀው የሚል ጭንቀት አይኖርም። በማክ ኦኤስ ላይም ስም አልባው ሴማፎር ስለማይሠራ መንገዱ ይኸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ መልሱ መራራ ነው፦ ሌላው ልጅ ለዘላለም ይጠብቃል። ሴማፎር ባለቤት የለውም፤ ማን እንደያዘው አይመዘግብም፣ ከርነሉም በሟቹ ፋንታ አይለቀውም። «ሴም ታይምድ ዌይት» የጊዜ ገደብ በማበጀት ለዘላለም ከመጠበቅ ያድናል እንጂ ሟቹ ሥራውን በግማሽ ትቶት እንደሆነ አይነግርም። ሌላው የዩኒክስ ሴማፎር ዓይነት የሆኑት የሲስተም ቪ ሴማፎሮች «ሴም አንዱ» (SEM_UNDO) በሚባለው ምልክት የሟቹን ይዞታ ይቀለብሳሉ፤ የተበላሸውን መረጃ ግን አያቃኑም።

ስለዚህ ሴማፎርን እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ለማስያዝ ነው። ለምሳሌ አንዱ ፕሮሰስ መረጃ አዘጋጅቶ ሌላው እንዲያነበው ሲፈለግ፣ በ0 የሚነሳ ሴማፎር ላይ አንባቢው ይጠብቃል፣ ጸሐፊው ይለቃል፤ ባለቤት አለመኖሩ እዚህ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም። ፕሮሰሶች ሊሞቱ በሚችሉበት ሥርዓት ውስጥ የጋራ መረጃን ለመጠበቅ ግን በጋራ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጥ፣ በፕሮሰሶች መካከል እንዲሠራ የተዘጋጀና «ሮበስት» የሚል ባሕርይ የተሰጠው ሚውቴክስ (ባለቤት ያለው መቆለፊያ) ይጠቀሙ። ያዡ ቢሞት ቀጣዩ ጠያቂ ሚውቴክሱን ይረከባል፣ የቀድሞው ባለቤት መሞቱንም በስህተት ኮድ ይነገረዋል፤ መረጃውን መርምሮና አስተካክሎ «ፒቴሬድ ሚውቴክስ ኮንሲስተንት»ን ከጠራ በኋላ ሥራው ይቀጥላል። ይህን በእርግጠኝነት ለማየት አንዱን ልጅ መቆለፊያውን እንደያዘ እንዲተኛ አድርገው በ«ኪል −9» ይግደሉትና ሌላው የሚመለስለትን ኮድ ያትሙ።