ስለ ቢልባዎ ጠይቁኝ

ቢልባዎ በሰሜን ስፔን፣ በባስኮች አገር ያለች የድሮ የብረትና የመርከብ ከተማ ናት። ዛሬ ሰው የሚጎርፍባት ለሥነ ጥበብ ነው። አሳምሬ ስለማውቃት ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ የዘመናዊ ጥበብ ቤቱ ጉገንሃይም ሙዚየም ከእነሱ የበጋ ወራት በስተቀር ሰኞ ዝግ ነው። ዝናቡም ቀልድ አያውቅም፤ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ስንት ቀን ይበቃል?

ሦስት። ሁለቱን ለከተማዋ፣ አንዱን ከወንዙ ጋር ወደ ባሕሩ ለመውረድ።

ቪዛስ?

ሸንገን ነው። ዝርዝሩን ኤምባሲው ይንገራችሁ።

ጋሼ፣ አንድ ሙዚየም ከተማውን በሙሉ አዳነው የሚባለው እውነት ነው?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እውነት አይደለም! በ1980ዎቹ ፋብሪካና መርከብ መሥሪያው ተራ በተራ ተዘጋ፤ ሥራ አጡ በዛ። በ1983 ደግሞ ጎርፍ መጥቶ አሮጌውን ሰፈር ዋጠው። ከዚያ በኋላ የተሠራውን ቁጠሩ። የቆሸሸውን ወንዝ የማጽዳት ሥራ ከሙዚየሙ በፊት ተጀምሯል። ወደቡ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ወደ ባሕሩ አፍ ወረደ። ኖርማን ፎስተር የነደፈው ሜትሮ በ1995 ሥራ ጀመረ። ፍራንክ ጌሪ የነደፈው ጉገንሃይም የተከፈተው በ1997 ነው። የመጨረሻውን ሰው አይታችሁ ቀዳሚውን አትርሱ።

*የባሕር ልጅ፦* ይሁን ጋሼ፣ ግን ለሜትሮ ብሎ ቢልባዎ የሚሄድ ቱሪስት አለ?

*ቀይ ጫማ፦* እኔ አለሁ። መግቢያዎቹ የመስታወት ዋሻ ይመስላሉ።

*የባሕር ልጅ፦* አንቺ አንድ ሰው ነሽ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቱሪስቱን የጠራው ሙዚየሙ ነው። ነዋሪውን ያኖረው ግን ሜትሮውና የጸዳው ወንዝ ነው።

ዘመናዊ ጥበብ አይገባኝም። ልግባ?

ግባ። የሪቻርድ ሴራን ሥራ ፈልግ፤ ከሰው ቁመት በላይ የቆሙ፣ የተጠማዘዙ ግዙፍ የዛገ ብረቶች ናቸው። መሀላቸው ገብተህ ትሄዳለህ። ግድግዳው አንዴ ወደ አንተ፣ አንዴ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ሳታስበው ትንገዳገዳለህ። ብረት ስታቀልጥ ለኖረች ከተማ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። ሲወጡ ደግሞ የሕንፃውን ቲታኒየም ልብሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ ነው፤ ደመናና ፀሐይ ሲፈራረቁበት መልኩ ይለዋወጣል።

ሰኞ ብንደርስ ሙዚየሙ ክፍት ነው?

ከላይ ተጽፏል። እባካችሁ አንብቡ።

የድሮው ፋብሪካ ቅሪት አለ ወይስ ሁሉም ካፌ ሆኗል?

አለ፤ ሰው ግን አይሄድም። በሜትሮ ወደ ሴስታዎ ውረዱ። በ1996 የተዘጋው የትልቁ ብረት ማቅለጫ አንዱ ምድጃ አሁንም እዚያ ቆሟል፤ ከውጪ ሆኖ ማየት ይቻላል። ከዚያ ፖርቱጋሌቴ። እዚያ በ1893 የተሠራው የቢስካያ ድልድይ አለ። መኪናና ሰው የሚያሻግረው ከላይኛው ብረት በሽቦ ገመድ በተንጠለጠለ ሣጥን ነው። ለምን? ባለ ረጅም ምሰሶ መርከብ ከሥሩ እንዲያልፍ ተብሎ። በዓይነቱ የዓለም የመጀመሪያው ሲሆን በ2006 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለእግረኛ ከ1 ዩሮ በታች ነው። ተሻግራችሁ በሌላኛው የሜትሮ መስመር ከአሬታ ተመለሱ፤ በመጣችሁበት አትመለሱ።

ምግብ የት ይሻላል?

አሮጌው ሰፈር ገብታችሁ ባንኮኒ ላይ የተደረደረውን ፒንቾ (በአንድ ሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ትንሽ ምግብ) ቆማችሁ ብሉ። ቦታ አልመርጥላችሁም።

የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ አትሌቲክ ባስክ ያልሆነ ተጫዋች አያስፈርምም የሚባለው...

*ቀይ ጫማ፦* ኢኛኪ ዊሊያምስስ? ወላጆቹ ከጋና ናቸው።

*የባሕር ልጅ፦* የተወለደው ግን ቢልባዎ ነው። ወይ እዚያ መወለድ ነው፣ ወይ እዚያ ኳስ መማር።

ኳሱን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ስታዲየማቸው ሳን ማሜስ ከወንዙ ዳር ነው፤ በእግር ይደረሳል።

ጉገንሃይምን አይቼ በዚያው ቀን ወደ ሌላዋ የባስክ ከተማ ወደ ሳን ሴባስቲያን ብሄድስ?

ስንት ቀን እንደሚበቃ ተናግሬያለሁ። መኪና ከማቆሚያው ወደ ሙዚየሙ፣ ከሙዚየሙ ወደ መኪናው ከሆነ ቢልባዎን አላየሃትም። ያንተ ምርጫ።

ወንዙ ዳር ያለው ቀይ ክሬን ምንድን ነው?

አይ፣ ይቺ ጥሩ ጥያቄ ናት። ካሮላ ይባላል፤ ከኡስካልዱና መርከብ መሥሪያ የተረፈ ነው። አሁን ከባሕር ሙዚየሙ ደጅ ቆሟል። ስሙ በየቀኑ ወንዙን ከምትሻገር አንዲት ቆንጆ ሴት መጣ ይባላል። ሠራተኛው እሷ ስታልፍ ሥራውን ትቶ ያፈጥ ነበር አሉ። ከጎኑ ያለው ትልቅ የኮንሰርት አዳራሽ ያንኑ መርከብ መሥሪያ ስም ይዞ በ1999 ተከፈተ። የሕንፃው ቅርጽ ገና እየተሠራ ያለ መርከብ ነው። ወደ ጉገንሃይም ስትሄዱ ከዚህ ጀምራችሁ በወንዙ ዳር በእግር ሂዱ፤ በትራም አትዝለሉት።