ሴሎቹን የገደላቸው ማቴሪያሉ ነው ወይስ ፒኤቹ?

«ከባዮአክቲቭ መስታወት የአጥንት መሙያ ዱቄት ሠርቼ በኤምቲቲ (በሕይወት ያሉ ሴሎችን በቀለም ለውጥ በሚለካ ፈተና) ስፈትሸው በሕይወት የተገኙት ሴሎች 40 በመቶ ብቻ ናቸው፤ መርዛማ ነው ብዬ ልተወው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ኧረ ቆዪ፣ አትጣዪው።

እርግጥ የሕክምና ዕቃዎች ሴል ይጎዱ እንደሆነ የሚፈተሽበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 10993-5፣ ከ70 በመቶ በታች የወረደውን ሴል የመጉዳት አቅም አለው ይለዋል። ግን ቁጥሩ ሴሎቹ መጎዳታቸውን እንጂ ምን እንደጎዳቸው አይነግርሽም። ይቺን ልዩነት እስክረዳ ስንት ፕሌት (ሴል የሚያድግበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) አባክኛለሁ መሰለሽ።

የኔን ላውራሽ። ናሙናዬ ያው የታወቀው የባዮአክቲቭ መስታወት ዓይነት፣ 45ኤስ5 ነበር። ዱቄቱን ሚዲየም (የሴሎች መመገቢያ ፈሳሽ) ውስጥ ጨምሬ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት አሳድሬ፣ ፈሳሹን ኤል929 የሚባሉ የአይጥ ሴሎች ላይ አፍስሼ፣ በማግስቱ በቀጥታ ወደ ማሽኑ እሮጥ ነበር። ሁሌም ሙት። አንድ ቀን ቱቦውን ከኢንኩቤተር ሳወጣ ልብ ብዬ አየሁት፤ ቀይ የነበረው ሚዲየም ደማቅ ሮዝ ሆኗል። ፌኖል ሬዱ (ፒኤች ሲለወጥ ቀለሙ የሚቀየረው የሚዲየሙ ማቅለሚያ) እኮ ሲጮህልኝ ነው የከረመው! ለካ መስታወቱ ሶዲየምና ካልሲየም ይለቅቃል፣ በምትኩ ከፈሳሹ ሃይድሮጅን አዮን ይወስዳል፣ ፒኤቹም ሽቅብ ይወጣል፣ ማለትም ፈሳሹ አልካላይን ይሆናል። ስለካው ከ8 አልፏል። ሰውነት ውስጥ ቢሆን ፈሳሹ ስለሚዘዋወር ይህ ሁሉ አንድ ቦታ አይጠራቀምም፤ ትንሿ ጉድጓድ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቢካርቦኔት ያለው ሚዲየም ከኢንኩቤተር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚያመልጥ ብቻውንም ሮዝ ይሆናል። ስለዚህ ምንም ያልተጨመረበት ሚዲየም በሌላ ቱቦ እኩል አሳድሪ፣ እኩል አውጪ፣ ጎን ለጎን አይተሽ ቶሎ ለኪ።

ከዚያ ዱቄቱን ለሁለት ክፈዪ። ግማሹን እንዳለ፣ ግማሹን ደግሞ ሚዲየም እየቀየርሽ ሁለት ሦስት ቀን ካዘፈዘፍሽ በኋላ ፈትሺ። ዱቄቱ ያደረበትንም ፈሳሽ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5 በመቶ እያልሽ አቅጥኚ። የተዘፈዘፈው ላይ ሴሎቹ ካገገሙ ችግሩ መስታወቱ መጀመሪያ ላይ በአንዴ የሚለቅቀው ነው ማለት ነው። ያ ካልሆነና ፒኤቹም ደህና ሆኖ ከሞቱ፣ ያኔ ማቴሪያሉን ጠርጥሪ። ፒኤቹን በአሲድ አስተካክሎ ዝም ማለት ግን አይሆንም። ለማጣራት ብለሽ ካደረግሽው ሪፖርትሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፣ ያልተስተካከለውንም ውጤት አብረሽ አስገቢ።

ኤምቲቲም ራሱ ይዋሻል። ሕያው ሴል ቢጫውን የኤምቲቲ ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል፤ እኛም የቀለሙን ድምቀት 570 ናኖሜትር ላይ እናነባለን፣ ሌላ ተአምር የለውም። ታዲያ ማግኒዥየም ስሞክር ውጤቱ እጅግ አምሮ ጮቤ ረገጥኩ። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ሴል የሌለበትን ጉድጓድ አይተሻል?» አለኝ። አየሁት። አንድ ሴል እንኳ ሳይኖርበት ወይን ጠጅ ሆኗል! የሚሟሟው ማግኒዥየም ቀለሙን ራሱ ይቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ ናሙናው ኖሮበት ሴል የሌለበት ጉድጓድ ሳልጨምር ፕሌት አልጀምርም። አንቺም ጨምሪ፣ መስታወት ቢሆንም።

ማይክሮስኮፑንም አትናቂው። ቀለሙን ከመጨመርሽ በፊት እዪ፦ ተዘርግተው የተጣበቁ ናቸው ወይስ ድቡልቡል ሆነው የሚንሳፈፉ? ዱቄቱን በቀጥታ ሴሎቹ ላይ ከጨመርሽው ደግሞ ክብደቱ ብቻ ሊያፍናቸው ይችላል።

እስቲ ስንት ግራም ዱቄት በስንት ሚሊ ሊትር ሚዲየም እንዳዘፈዘፍሽ ጻፊልኝ። ለእንዲህ ዓይነት ቅርጽ የለሽ ናሙና የተለመደው 0.2 ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ናሙናሽ ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል ከሆነ 0.1 ይሆናል። ከዚያ አብዝተሽ ከሆነ 40 በመቶውም አይገርመኝም።