ጭብጥ ያልተያዘለት ጥያቄ

ውድ ልጆቼ፣

«ፍርድ ቤትና ፖሊስ እያሉ፣ ግጭት ያለ ኃይል እንዲፈታ የሚሠራ የሰላም ተቋም በሕዝብ ገንዘብ ማቋቋም ምን ይጠቅማል?» ሲል አንድ የሕግ ተማሪ ሰሞኑን ቢጠይቀኝ፣ ድሬዳዋ በዳኝነት ሳገለግል ያየሁት ጉዳይ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ጉዳዩ የአጥር ነበር። ገንደ ቆሬ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አንደኛው ያሠራው የግንብ አጥር የዝናቡን ውኃ ወደ ሌላው ግቢ መለሰ ተብሎ ተካሰሱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤት ከነሰዉ ጠርጎ እንደወሰደ የሚያስታውስ ሰው፣ በዚህች ከተማ የጎርፍ ስጋት ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ችሎቱ ሊያስማማቸው ሞከረ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን መዝገብ በተደራረበበት ችሎት ለዕርቅ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ባለሙያ ቦታውን አየ፣ ምስክር ተሰማ፣ አጥሩ እንዲፈርስም ተወሰነ። ውሳኔው ተነቦ ሲያበቃ፣ የተፈረደላቸው እናት ነጠላቸውን እንዳደገደጉ፣ «አጥሩስ ይፍረስ፤ ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶ ያልደረሰችኝ ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀልኝ የለም» አሉ። ተከሳሿ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ቃል ሳይወጣው ቀረ። የለቅሶው ነገር ጭብጥ፣ ማለትም ችሎቱ መርምሮ የሚወስንበት ነጥብ ተብሎ፣ አልተያዘበትም፤ የችሎቱ አስተናባሪም ቀጣዮቹን ባለጉዳዮች እየጠራ ነበር። አጥሩ በፈረሰ ዕለት የሁለቱ ቤት ልጆች በድንጋይ ተፈናከቱ፤ አንደኛው ዓይኑን አጣ። ያ ጥያቄ የሚስተናገድበት ቦታ አለመኖሩ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሽማግሌ አልነበረም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ እንጂ። ሐረር አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላት፤ የኢሳ ሶማሌዎች ልማዳዊ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ጃርሱማ የሚባለው የኦሮሞ የሽማግሌ ዕርቅም የታወቀ ነው። ሆኖም ሁለቱ ቤተሰቦች የአንድ ብሔርም ሆነ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ስላልነበሩ፣ የማን ሽማግሌ ይቀመጥ በሚለው ላይ ብቻ ወራት አለፉ። የዛሬ ወጣቶች በስልክ ባያችሁት ወሬ ቶሎ ትፈርዳላችሁ፣ ሽማግሌም አትሰሙም ብዬ አዝናለሁ፤ ሽማግሌዎቹም በዕርቅ ሸንጎ ላይ ለወጣትና ለሴት ቦታ እንደሚነፍጉ ግን አውቃለሁ።

የሰላም ተቋም ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የየባህሉን አስታራቂዎች አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ ነገሩ ክስ ከመሆኑ በፊት ሁለቱም ወገን በሚያምኗቸው ሰዎች ፊት ያስቀምጣቸዋል። ለዚህ መታመን አለበት። የስፔኗ ራስ ገዝ ክልል የካታሎኒያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2007 በሕግ ያቋቋመው የሰላም ተቋም በሕዝብ ገንዘብ እየተዳደረ ከመንግሥት አስተዳደር ነፃ እንዲሆን መደረጉን የምወደው ለዚህ ነው፤ የካድሬ ቢሮ የመሰለ ቦታ ማንም ምሥጢሩን ይዞ አይሄድም። ድሬዳዋ ላይ ቢከፈት፣ ያቺን የመሰለች እናት ከገበያ ስትመለስ ያለ ማመልከቻና ያለ ክፍያ እንድትገባበት፣ ከፊራ በሚባለው ገበያ አጠገብ እንዲሆን እመኛለሁ።