መተርተርን አትፍሩ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጅማ አዋላጅ ነርስ ሆኜ አገልግያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኪሮሽ ለመማር ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች በርክተዋል። ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው፣ ሰባት ዓይነት ቀለም የተሰባጠረበትና አበባ በአበባ ላይ የተደረበበት አልጋ ልብስ ያሳዩኛል፤ የመጀመሪያ ሥራቸው እንዲሆን የሚመኙት እሱን ነው። እኔ ደግሞ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጌጥ የሌለው፣ አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ ለሕፃን የሚሆን ብርድ ልብስ ሥሩ። ፊታቸው ወዲያው ቅር ይለዋል። ለእነሱ በአንድ ከሰዓት ተናግሬ ያልጨረስኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

ቀለም ሲበዛ የተመልካች ልብ ወደ ቀለሙ ይሄዳል። የጠበበው ጠርዝ፣ የላላው ረድፍ፣ የተዘለለው ዓይን (የረድፉን እያንዳንዱን ቋጠሮ ዓይን እንለዋለን) በዚያ ግርግር ውስጥ ይደበቃል። አንድ ቀለም ግን የእጃችሁን ጠባይ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያሳያችኋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ባለ አምስት ሚሊሜትር ኪሮሽና መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ያዙ። 75 በ90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ ባለ 100 ግራም ጥቅል አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ግዙ። በጥቅሉ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ፣ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚናገር ቁጥር አለ፤ እሱም አንድ መሆኑን ተመልከቱ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ የወተት ቀለም ብርድ ልብስ ሊያልቅ ጥቂት ረድፍ ሲቀረው ክር አለቀብኝና ሌላ ገዛሁ። እዚሁ ጅማ ያለው ሂርማታ በንጉሡ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት የሐሙስ ገበያ ነበር፤ ብዙ ዓይነት ዕቃ ይገኝበት ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዙር ክር ከተማውን ዞሬ አላገኘሁትም። በመብራት ሳየው አንድ የመሰለኝ ክር፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ስዘረጋው በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ለየ።

ከዚያ ትንሽ ናሙና ሥሩ። ወጣቶች ይህን መዝለል ትወዳላችሁ፤ እባካችሁ አትዝለሉት። በእኔ እጅ አሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ 14 ዓይን ይገባል፤ ስለዚህ ለ75 ሳንቲ ሜትር ስፋት 105 ዓይን ያስፈልገኛል ማለት ነው። የእናንተ እጅ ከእኔ ቢጠብቅ ወይም ቢላላ ቁጥሩ ይለወጣል። 105 ሰንሰለት ሥሩና ለመዞሪያ ሁለት ጨምሩ። ሰንሰለቱ ከጠበቀ የብርድ ልብሱ እግር ይሸበሸባል፤ እጃችሁ የሚያጠብቅ ከሆነ ለመጀመሪያው ሰንሰለት ብቻ ትንሽ ወፈር ያለ ኪሮሽ ተጠቀሙ። ከኪሮሹ ሦስተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምሩ። ክሩን በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ፣ ወደ ዓይኑ አስገቡ፣ ክር ስባችሁ አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይሆናል። ክሩን ደግማችሁ ያዙና በሦስቱም ውስጥ አንድ ጊዜ አሳልፉት። ሥራው ይኸው ነው፤ ይህንኑ እስከ መጨረሻው መደጋገም ነው። ከቪዲዮ የምትማሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንግሊዞችና አሜሪካኖች በአንድ ስም ሁለት የተለያየ አሠራር ይጠራሉ። ስሙን ሳይሆን እጁን ተከተሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የመጀመሪያው ብርድ ልብሴ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ ነው ያለቀው። በየረድፉ መጨረሻ ያለችውን አንዲት ዓይን እየዘለልኩ ነበር። የሚያሳዝነኝ መዝለሌ አይደለም፤ አሥረኛው ረድፍ አካባቢ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ። አይቼ "ሲታጠብ ይስተካከላል" አልኩ። ሃያኛው ላይ ደግሞ አየሁት። ያን ጊዜ ብተረትረው የሚጠፋው የአሥር ምሽት ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ለአሥሩ ምሽት ሳስቼ ሌላ ሠላሳ አምስት ምሽት ጨመርኩበት።

የሚገርመኝ፣ በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም። ከወሊድ በኋላ ስፌት ሲኖር ደም የምንጠርግበት ጎዝ ከመጀመራችን በፊት ይቆጠራል፣ ስንጨርስም ይቆጠራል። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አንድ ሌሊት አምስት ቆጥረን ጀምረን አራት አገኘን። ሁላችንም ደክሞናል፤ እኔ መጀመሪያ የተሳሳተ ቆጠራ ይሆናል አልኩ። ታላቃችን የነበሩት ነርስ አልተቆጡም፣ አልጮኹም፤ "እንደገና" ብቻ አሉ። አምስተኛው ከባልዲው ሥር ተጣብቆ ተገኘ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ መቁጠር ራስን መጠራጠር ወይም ሰውን አለማመን አይመስለኝም። ታዲያ ክር ላይ ስቀመጥ ይህን ለምን ረሳሁት? "ማንም አይሞትበትም" ብዬ ይመስለኛል። ነገር ግን በትንሹ ነገር ዓይኑን የጨፈነ ሰው በትልቁ ላይ ለመግለጥ ይቸገራል፤ ይህን በራሴም በባልደረቦቼም አይቻለሁ።

ስለዚህ በየረድፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓይን ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር እሰሩ። ረድፉ ሲያልቅ ቁጠሩ፤ 105። ከጎደለ እዚያው ተርትሩ። በሹራብ መርፌ ላይ በመቶ የሚቆጠር ቀለበት በአንድ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ መርፌው ከወጣ ብዙው ይፈታል። በኪሮሽ ግን ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። እሱን ይዛችሁ ክሩን ብትስቡ እስከ ስሕተቱ ድረስ በሥርዓት ይመለሳል፣ ከዚያም ትቀጥላላችሁ። የጅማን በርጩማ የሚጠርቡትን ባለሙያዎች አስቡ፤ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ይወጣሉ፣ አንድ ጊዜ አለአግባብ የተነሣ እንጨት አይመለስም። ማዋለጃ ክፍልም እንደዚያው ነው። ክር ግን ይመለስላችኋል። ተርትሮ መጀመርን የምትለማመዱበት እንዲህ ያለ ቦታ በዕድሜያችሁ ብዙ አይገኝም።

ወንዶች ልጆች፣ ይህ ለእናንተም ነው። በአገራችን ሸማኔው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ክር ይዛችሁ መቀመጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እጃችሁ እንደ ልባችሁ መሆኑንም ታያላችሁ። ከባድ ሌሊት ባደርኩ ማግስት የሠራኋቸው ረድፎች ጠባብ ናቸው፤ ተኝቼ ስነሣ የሠራኋቸው ሰፋ ይላሉ። ተናድዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ናሙናው ላይ ጥቂት ሥሩ፣ ከዚያ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሱ።

ስለ ሕፃኑ ደግሞ እንደ አዋላጅ ልናገር። ለአዲስ ልጅ ከእናቱ ገላ የሚሻል ሙቀት የለም፤ ብርድ ልብሱ የሚለበሰው እናትና ልጅ ገላ ለገላ ከተገናኙ በኋላ ከላይ ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን ሲተኛ ልል ብርድ ልብስ አይደረብለት፤ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላል። ጣት የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳም አትተዉ። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ በጋለ ካውያ አትንኩት፤ ይቀልጣል።

ያን የጠበበ ብርድ ልብስ ከብዙ ዓመት በኋላ ተረተርኩት። የተፈታው ክር ተሸብሽቦ ነበር፤ በወንበር ጀርባ ላይ ጠቀለልኩት፣ አራት ቦታ አሰርኩት፣ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት አንጠልጥዬ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። የጅማ ክረምት እንደምታውቁት ቶሎ አያደርቅም፤ አራት ቀን ፈጀ። አሁን ጭኔ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ስልሳ አንደኛው ረድፍ ላይ ደርሻለሁ። ትናንት ማታ ስቆጥር 104 ሆነብኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንደጨረስኩ እተረትረዋለሁ።