ስለ ከባድ ንክሻ ጠይቁ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ሸዋ በር)፦ ልጄን ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱ ላይ ነከሰው። ደሙ ቆሟል፤ ሆስፒታል ነገ ብወስደውስ?

መልስ፦ ለነገ አይባልም፣ እህቴ። መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቺና ቁስሉን በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው። ሰዓት ተመልከቺ፤ ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው «በቃ፣ ጸድቷል» ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ክትባቱ ክንድ ላይ በተለያዩ ቀናት ይሰጣል፤ ቆዳውን በስቶ ለገባ ንክሻ ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል የተዘጋጀ ፀረ-አካል) ቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። የቲታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባትም አትርሺ። ቡና ወይም በርበሬ ነስንሳችሁ እንዳትመጡ፤ እሱን ጠርገን ለማውጣት ነው ልጁ ሁለተኛ የሚያለቅሰው።

ጥያቄ፦ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው ነው?

መልስ፦ እሱ ከእንስሳት አንጎል ይዘጋጅ የነበረው የድሮው ክትባት ነው። አሁን የምነግራችሁ ክንድ ላይ ስለሚሰጠው ነው።

ጥያቄ፦ የነከሰኝ የጎረቤት ውሻ ነው፤ ጤነኛ ይመስላል።

መልስ፦ ክትባቱን ጀምር፤ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ቀሪውን ሐኪሙ ሊያስቀርልህ ይችላል። ሰፈርተኛው ግን በድንጋይ ጨርሶት ይመጣና «አብዶ ነበር ወይ?» ብሎ እኛን ይጠይቃል!

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ባቲ ገበያ ግመል ክንዴን ነከሰኝ። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ጣቶቼ ግን ደንዝዘዋል።

መልስ፦ ቀዳዳው አያታልልህ። የግመል መንጋጋ ይጨፈልቃል፤ ከቆዳው በታች አጥንት፣ ነርቭና የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጣት መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ ወይም መገርጣት ከታየ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ክንዱ ሳያብጥ ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ፣ በካርቶን ደግፈህ ሳታጠብቅ እሰረው፣ ዛሬውኑ ሂድ፤ ራጅ ያስፈልግሃል። ሐኪሙ «ቁስሉን አሁን አልሰፋም» ቢልህ አትቀየመው፤ እንዲህ ያለውን ቶሎ መዝጋት ጀርሙን ውስጥ መቆለፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጅብ ፊት ላይ ቢነክስና ደሙ አልቆም ቢልስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ከማጠብ በፊት ደም ማቆም ይቀድማል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ደርቡበት እንጂ እየገለጣችሁ አትዩ። ሰውየው ራሱን ካወቀ ወደ ፊት አጎንብሱት፣ ደሙ ጉሮሮው እንዳይገባ። ጅብም የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል፤ ፊት ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ ቫይረሱ ቶሎ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጠበል ይበቃል?

መልስ፦ ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው የሚያዝ፣ ማለትም የእብድ ውሻ በሽታው ምልክት የጀመረው ሕመምተኛ ከመጣ በኋላ እኛ የምናድንበት መድኃኒት የለንም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከተነከስኩ ሦስት ቀን አልፎኛል።

መልስ፦ ትከተቢያለሽ፤ ዛሬ ነይ።