መልስ፦ ያሸነፈው ብቻውን ቢያጸድቀውስ?

"ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ ሕገ መንግሥቱን ብቻውን ቢያጸድቅ ምን ችግር አለው?" ላልከው፣ ችግሩ የተሸነፈው ወገን ሕጉን "የእነሱ ነው" ማለቱ ነው። ጊዜ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚቀደደውም እሱው ነው።

ደቡብ አፍሪካን እይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1994 የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ 62 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ ግን የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ወደደም ጠላም ከሌሎቹ ጋር መነጋገር ነበረበት።

ከዚያ በፊት የነበረውማ አይነሳ። በ1992 ቦይፓቶንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ጭፍጨፋ ሲደርስ ኤኤንሲ ከነጮቹ መንግሥት ጋር የያዘውን ድርድር ረግጦ ወጣ። መውጫ ካሳዩት አንዱ የኤኤንሲው ሰው ጆ ስሎቮ ነበር፤ ያ የለየለት ኮሚኒስት (ከእሱ ማን ይጠብቃል!) ለተወሰኑ ዓመታት ሥልጣን እንጋራ፣ የአፓርታይድ መንግሥት ሠራተኞችንም ከእንጀራቸው አናፈናቅል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጓዶቹ ተቆጡበት። እውነት ለመናገር የሚያስቆጣም ነው፤ ትናንት ፓስ (የጥቁሮች የይለፍ ደብተር) አሳይ እያለ ሲያዋርድህ ለኖረው ሰው ደመወዝ ክፈል ስትባል ቀላል አይደለም።

"አንድነት ማለት ሁሉም መስማማት አለበት ማለት ነው?" ላልከው ደግሞ፣ በፍጹም። በዋናነት የዙሉዎች የሆነው ኢንካታ ፓርቲ ከሕገ መንግሥት ጉባኤው ወጥቶ ቀርቷል። የጸደቀውንም ጽሑፍ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 1996 "አስተካክሉ" ብሎ መለሰው፤ ጉባኤውም ሳያኮርፍ አስተካከለ። ማንዴላ በዲሴምበር 10 ሻርፕቪል ላይ ፈረሙበት።

ዋጋ አላስከፈለም ማለቴ አይደለም። ያኔ በድርድር የተያዘው የመሬትና የንብረት ጉዳይ ዛሬም ያጨቃጭቃቸዋል።